አረንጓዴ ምልክት የሚያሳያችሁን ባክአፕ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝም ልጻፈው፤ ቢያንስ ገና ያልከፈለ ሰው ይትረፍ። «አንዴ ይክፈሉ፣ ዕድሜ ልክ ይጠቀሙ» የሚል የባክአፕ (የፋይሎችን መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ) ሶፍትዌር ገዝቼ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሠራ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ ፋይሎቼ በየሌሊቱ እየተቀዱ ነው ብዬ ስተኛ ከረምኩ። አንድም ሌሊት አልተቀዱም። ስሙን አልጠራም። በሌላ ስም የሚሸጡ መሰሎቹ ስላሉ አካሄዱን ብታውቁት ይሻላል።

ነገሩ የታወቀው በገዛ ስህተቴ ነው። ኮምፒውተሬን ሳጸዳ የፎቶ ፎልደሬን አብሬ ሰረዝኩት፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግኩት። አልደነገጥኩም፣ ባክአፕ አለኛ! ፕሮግራሙን ስከፍተው እንደ ወትሮው ትልቅ አረንጓዴ ምልክት፣ ከሥሩም «ኮምፒውተርዎ የተጠበቀ ነው» ይላል። ወደ ሪስቶር (ቅጂ መመለሻው) ገብቼ ቀኖቹን ሳይ ግን የመጨረሻው ቅጂ ሰባት ወር አልፎታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ያም ሳያንስ፣ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ልመልስ ስል በገዛሁት እትም ፋይል መመለስ የሚቻለው አንድ በአንድ ብቻ ነው ተባልኩ። ሙሉ ፎልደር ለመመለስ ከፍ ያለውን እትም ግዛ። ሲሸጡልኝ ይህን የነገረኝ የለም። አንድ በአንድ መለስኳቸው፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የሰባት ወሮቹ ግን ቀሩ። ዲስኬ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ነው፤ በኤስኤስዲ ላይ ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ወዲያው እንዲጸዳ ስለሚያሳውቅ የጠፋ ፋይል ፈልቅቀው የሚያወጡ ፕሮግራሞች ብዙም አይፈይዱም።

ለድጋፍ ሰጪዎቹ ጻፍኩላቸው። መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ፦ «ክቡር ደንበኛችን፣ የዊንዶውስዎ ሬጅስትሪ ተበላሽቷል። የጥገና ጥቅላችንን ቢገዙ ቴክኒሻናችን ከርቀት ገብቶ ያስተካክልልዎታል።» ሬጅስትሪ ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚይዝበት መዝገብ ነው። ምን አይተው ተበላሸ አሉ? አንድ የሎግ ፋይል (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት) እንኳ አልላክሁም፣ እነሱም አልጠየቁኝ። ሕመምተኛውን ሳያዩ መድኃኒት አዘዙ። እውነቱን ለመናገር ልከፍል ካርዴን አውጥቼ ነበር። ያዳነኝ የዊንዶውስን ታስክ ስኬጁለር አንዴ ልየው ማለቴ ነው።

አብዛኛው ሰው ከፍቶት ስለማያውቅ እዚህ ላይ ልቆይ። በተያዘላቸው ሰዓት የሚሠሩ ብዙ የባክአፕ ፕሮግራሞች ሰዓቱን ራሳቸው አይጠብቁም፤ ሥራውን ከዊንዶውስ ጋር ለሚመጣው ለዚህ ሰዓት ጠባቂ ይሰጡታል። በስታርት ሜኑ ፈልጋችሁ ስትከፍቱት የታስኮች (በሰዓታቸው እንዲሠሩ የተያዙ ሥራዎች) ዝርዝር ታያላችሁ። ከእያንዳንዱ ጎን መጨረሻ የሠራበት ቀንና የውጤቱ ኮድ አለ። ኮዱ 0x0 ከሆነ ታስኩ ያለ ስህተት አልቋል። በ41303 የሚያልቅ ከሆነ ጭራሽ አንድ ቀንም አልሠራም። የእኔ በ52E ያልቃል፦ የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስወርድ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ሳስበው፣ የዊንዶውስ ፓስወርዴን የቀየርኩት የመጨረሻው ቅጂ በተወሰደበት ሳምንት ነው! ታስኩ ሰው ገባም አልገባም እንዲሠራ ስለተደረገ የድሮውን ፓስወርድ ይዞ ቁጭ ብሏል። በየሌሊቱ በአሮጌ ቁልፍ በር ሲነካካ ከርሟል። መፍትሔው ታስኩን ከፍቶ፣ ኦኬ ብሎ፣ ሲጠይቅ አዲሱን ፓስወርድ መስጠት ነው። በፒን የምትገቡ ሰዎች ልብ በሉ፤ እዚያ የሚፈለገው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው እንጂ ፒኑ አይሠራም።

ተስተካከለ ብዬ አደርኩ። ጠዋት አየሁት፣ አሁንም አልሠራም። ይሄኛው ደግሞ የላፕቶፕ ጣጣ ነው። አዲስ ታስክ ሲፈጠር ዊንዶውስ በራሱ «ቻርጀር ላይ ከሆነ ብቻ ጀምር» የሚለውን ምልክት ያደርጋል። «ኮምፒውተሩን ከእንቅልፍ ቀስቅስ» የሚለውን ደግሞ ባዶ ይተወዋል። «ሰዓቱ ካለፈ እንደተቻለ ወዲያው ጀምር» የሚለውም ባዶ ነው። የእኔ ሶፍትዌር አንዱንም አልነካም፤ ሰዓቱን ግን ሌሊት ስምንት ላይ አድርጎታል። ላፕቶፑ በዚያ ሰዓት ክዳኑ ተዘግቶ፣ ከቻርጀር ተነቅሎ ተኝቷል። ሰዓቱ ያልፋል፣ ማንም አይነግረኝም፣ አረንጓዴው ያበራል። አረንጓዴው «መርሐ ግብር ተይዟል» ማለት እንጂ «ባክአፑ ተሳክቷል» ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ለምን ሠራ ታዲያ? ያኔ ላፕቶፑን ሌሊቱን ሙሉ ከነቻርጀሩ ክፍት እተወው ነበር። ሶፍትዌሩ ጎበዝ ሆኖ አይደለም።

የእናንተ ምክንያት ከእኔ ሊለይ ይችላል። ውጫዊ ሃርድ ዲስካችሁ ድራይቭ ፊደሉ ትናንት «ኢ» የነበረው ዛሬ «ኤፍ» ሆኖ ከመጣ ባክአፑ የሌለ ቦታ ይፈልጋል፤ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ቋሚ ፊደል ስጡት። በኔትወርክ ያለ ፎልደርን በድራይቭ ፊደል ካገናኛችሁት፣ ያ ፊደል ከበስተጀርባ ለሚሠራ ታስክ ላይታይ ስለሚችል ሙሉ የኔትወርክ አድራሻውን ጻፉ። ግዙፍ ፋይል ላይ ብቻ እየቆመ ካስቸገረ ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው የድሮ ፎርማት የተሰናዳ ሊሆን ይችላል፤ ያ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። አንዱም የሬጅስትሪ ብልሽት አይደለም፣ አንዱም የርቀት ቴክኒሻን አያስፈልገውም። በተለይ ሳያጣራ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ልግባ ለሚል ሰው በር አትክፈቱ፤ ፓስወርዳችሁና የባንክ ሥራችሁ ሁሉ እዚያው ነው ያለው።

«ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃልም ጠይቁት። የማን ዕድሜ? በእኔ ውል ውስጥ በደቃቅ ጽሑፍ የተቀመጠው የዚያ እትም ዕድሜ ነው፤ አዲስ እትም ሲወጣ እንደገና ክፍያ። በዚያ ላይ ስገዛ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት «ዓመታዊ ጥበቃ» የሚል ሳጥን ነበር፤ ሳላየው አለፍኩት፣ በየዓመቱ በራሱ ይቆርጣል። ሐቀኛ ድርጅትም ቢሆን ዘላለም አይቆይም፦ ስመ ጥሩው የባክአፕ አገልግሎት ሰጪ ክራሽፕላን ለቤት ተጠቃሚዎች የሚሰጠውን አገልግሎት እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2017 አሳውቆ በ2018 ዘግቶታል። እሱ እንኳ አስቀድሞ ተናግሮ ነው።

መግዛት የግድ ከሆነ በነጻ ሙከራው ጊዜ ባክአፕ ማድረጉን ሳይሆን መመለሱን ፈትኑ። አንድ ሙሉ ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ መልሱና ፎቶውን ከፍታችሁ እዩት። ሙከራው ላይ መቅዳት ፈቅዶ መመለስ ላይ ክፈሉ የሚል ካጋጠማችሁ ትታችሁ ውጡ። ቅጂው በምን መልክ እንደሚቀመጥም እዩ። የእኔው ሁሉንም ነገር ሌላ ፕሮግራም በማይከፍተው በራሱ ፎርማት ነው የሚያሽገው።

አሁን የምጠቀመው ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር የሚመጣውን ፋይል ሂስትሪ ነው። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ነው፣ ካላበራችሁት አይሠራም። ውጫዊ ዲስክ ከተሰካ በየሰዓቱ ይቀዳል፤ ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው በስማቸው ላይ ቀን ጨምሮ እንደ ተራ ፋይል ስለሆነ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መክፈት ይቻላል። ሙሉ ዊንዶውሱን ግን አይቀዳም፣ ያንን አትጠብቁበት። ዲስኩንም ቀድታችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ የተሰካውንም አይምርም።

እንደ እኔ ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ፕሮግራሙን በብስጭት ወዲያው አታጥፉት። መጀመሪያ በውስጡ ያለውን ሁሉ መልሳችሁ አውጡ፣ ካጠፋችሁት በኋላ ቅጂዎቹን የሚከፍትላችሁ አይኖርም። ዓመታዊ ክፍያውን ደግሞ ለብቻው ከአካውንታችሁ ገብታችሁ ሰርዙ፤ ሶፍትዌሩን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። እኔ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ከተቆረጠብኝ በኋላ ነው ያወቅሁት።