ጃንሜዳ ወይስ ጉሊት?

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጥምቀት የምናከብርበት ሜዳ በሽንኩርት ጆንያ ተሞላ። ዋጋው ከሰፈር ጉሊት ይቀንስ ነበር። በተለይ ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ በብዛት ለገዛ፣ ያዋጣ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ጭቃው ጉድ አፈላ። አንድ ቀን ጫማዬን ዋጠኝና ቲማቲሜን ታቅፌ በአንድ እግሬ ቆምኩ። የሚስቅ እንጂ የሚረዳ አልነበረም! ታክሲም ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ያስከፍል ስለነበር፣ ከሩቅ ለሚመጣ ትርፉ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። እኔ ከአራት ኪሎ በእግሬ ነበር የምሄደው።

ጉሊት ውድ ነው። ግን ግፊያ የለም፣ ዱቤም አለ። ለእኔ በዚያ ሰሞን እሱ ይሻል ነበር። እማማ ከመደቡ ላይ ሁለት ቃሪያ ይመርቁልኝና «ማስክህን ከፍ አድርግ ልጄ» ይሉኝ ነበር። የራሳቸው አገጫቸው ላይ ነበር።