ድሮኔን ጀልባ ላይ የሚያሳርፈው አርቲኬ ጂፒኤስ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የመጀመሪያውን ድሮኔን ባሕር በልቶታል። ጥፋቱ የኔው ነው። በርገን፣ ኖርዌይ አካባቢ የሳልሞን እርባታ ላይ ነው የምሠራው። ከጀልባው አስነሣሁትና እየተከተለን ሲቀርጽ ቆየ። ባትሪው ሲደክም «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለውን ተጫንኩ። ታዛዥ ነው፣ ተመለሰ። ለሱ ግን ቤት ማለት የተነሣበት ቦታ ነው። እኛ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር እየሄድን ሩብ ሰዓት አልፎናል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሞላን ምንም አልቀረን። ባዶ ውኃ ላይ ቀስ ብሎ፣ በሥርዓት ሲያርፍ በስክሪኑ አየሁት።

ይህን አርቲኬ የሚባል፣ ቦታን በሴንቲ ሜትር የሚለይ ጂፒኤስ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት መቀበያ ነው፤ አንዱ ጀልባው ላይ፣ ሌላው ድሮኑ ላይ። በመካከላቸው ሬዲዮ አለ። የድሮኑ አእምሮ አርዱፓይለት የሚባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው።

ተራ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ይስታል። ሜዳ ላይ ችግር የለውም። የጀልባችን የኋላ ወለል ግን ሦስት ሜትር አይሞላም። አርቲኬ ሳተላይቱ የሚልከውን ሞገድ ራሱን ይለካል። ኤል1 የሚባለው የጂፒኤስ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስህተቱ ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የብስ ላይ አንዱን መቀበያ ቦታው በሚታወቅ ነጥብ ላይ ይተክሉታል። ባሕር ላይ ምኑ ላይ ይተከላል? ስለዚህ ዘዴው ሌላ ነው። ጀልባው በዓለም ላይ የትም ይሁን፣ ድሮኑ ከሱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ ብቻ ይሰላል። አየሩ የሚያመጣው ስህተት ሁለቱንም እኩል ስለሚያሳስታቸው ሲቀናነስ ይጠፋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤፍ-35ን መርከብ ላይ የሚያሳርፍበት ጄፓልስ የሚባለው ሲስተምም መሠረቱ ይኸው ነው። የሱ ዋጋና የኔ ደሞዝ ግን አይተዋወቁም።

የመጀመሪያውን ወር ተኩል አትጠይቁኝ። አንቴናውን ክሬኑ አጠገብ አስሬው ነበር። ሲግናሉ ከብረቱ እየነጠረ ይገባበትና ስክሪኑ «ፍሎት» ላይ ይቆማል። «ፍሎት» ማለት በግምት ነው፤ «ፊክስ» ሲል ነው የሚታመነው። በኋላ ከካቢኑ ጣሪያ በላይ ሰቀልኩት። ከሥሩ ጠፍጣፋ የድስት ክዳን አደረግሁለት፣ ከታች የሚነጥረውን እንዲጋርድ። ባለቤቴ ክዳኑን እስከዛሬ ትፈልገዋለች።

ሌላው ራስ ምታት አቅጣጫ ነው። «ከአንቴናው አራት ሜትር ወደ ኋላ እረፍ» ብላችሁ ታዛላችሁ። ጀልባው ወዴት እንደዞረ ካልታወቀ ኋላው የት ነው? በዚያ ሁሉ ብረት መሐል ኮምፓስ ይቀባጥራል። አንድ ቀን ድሮኑ ወደ ጎን ሄዶ ውኃው ላይ ሊያርፍ ሲል በእጄ አዳንኩት። ሦስተኛ መቀበያ ጨምሬ ሁለቱን ጣሪያው ላይ አራርቄ ሳስቀምጥ፣ አንዱ ከሌላው በየት በኩል እንዳለ ስለሚሰላ የጀልባው አቅጣጫ ታወቀ፤ ነገሩ ተፈታ። ከመጀመሪያው ሦስት ግዙ።

የአንቴናው ገመድ ግን አናዶኛል። «ለባሕር የሚሆን» ተብሎ የተሸጠልኝ ገመድ በሦስተኛው ወር ጫፉ ዛገ። ሻጩን ስጠይቀው ዋስትናው ጨው የነካውን አይጨምርም አለኝ። እንግዲህ ባሕሩን ጣፋጭ ላድርገው? አሁን ጫፎቹን ሁሉ ቅባት ቀብቼ በላስቲክ ጠቅልያቸዋለሁ።

ማዕበል ሲነሣ ይህ ሁሉ ሴንቲ ሜትር ብቻውን አይበቃም። ዕቃው ወለሉ አሁን የት እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የት እንደሚሆን አይነግራችሁም። ወለሉ ወደ ላይ እየመጣ ድሮኑ ከወረደ እግሩ ይሰበራል። ሁለት እግር ሰብሬያለሁ። ስለዚህ ሁለት ሜትር ላይ አቆመዋለሁ፣ ሦስት አራት ማዕበል አሳልፋለሁ፣ ጋብ ሲል አወርደዋለሁ። ለዚህም ባትሪ መቆጠብ አለባችሁ፤ 30 በመቶ ሲቀረው እጠራዋለሁ።

ካፒቴናችን መጀመሪያ ሰሞን በድስት ክዳኑ ይስቅብኝ ነበር። አሁን ድሮኑ ከመነሣቱ በፊት በመስኮት ብቅ ብሎ «ፊክስ ነው?» ይለኛል።