ለቀድሞዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፦ የፋብሪካው ቸርኬ ወይስ ኤንኬይ አርፒኤፍ1?

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችውን ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በእሽቅድምድም ሜዳ ለሚነዳ ሰው፣ አብሯት የመጣው ባለ 14 ኢንች የአልሙኒየም ቸርኬ ከ5 ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ ከባድ ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም፤ ያገለገለውም በርካሽ ይገኛል። ችግሩ ያለው ጎማው ላይ ነው፤ በዚህ መጠን ለሜዳ የሚሆን፣ አስፋልት ቆንጥጦ የሚይዝ ጎማ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ኤንኬይ የተባለው የጃፓን ቸርኬ አምራች የሚሠራው፣ 7 ኢንች ስፋት ያለው ባለ 15 ኢንቹ አርፒኤፍ1 ግን 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ የጎማ ምርጫውም ሰፊ ነው። ዋጋው ከፍ ከማለቱም በላይ፣ የመሃል ቀዳዳው 73 ሚሊሜትር ሲሆን የመኪናዋ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ክፍል) 54.1 በመሆኑ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያሻዋል፤ የፍሬን ግለት የፕላስቲኩን ሊያበላሸው ስለሚችል የአልሙኒየሙን መግዛት ይበጃል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቻ ሜዳ ለሚገባ፣ ስንጥቅ እንደሌለው እስከተረጋገጠ ድረስ፣ አሮጌው ይበቃዋል፤ አዘውትሮ ለሚነዳ ግን እኔ ኤንኬይን እመርጣለሁ።