ሥጋ ብቻ በሚያዝ ሐኪም ዘንድ የስድስት ወር ክትትሌ

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከያዘኝ 11 ዓመት ሆነኝ። 54 ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ቆሞ ማስተማር ነው፤ ጉልበቴ ግን ደረጃ ለመውጣት እምቢ ካለኝ ቆይቷል። ሥጋ፣ እንቁላልና ቅባት ብቻ እያስበሉ ሥር የሰደደ ሕመም የሚከታተሉ ሐኪም ዘንድ ስድስት ወር ጨርሻለሁ። ልሞክረው ለምትሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዶክተሯ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት «የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ይዘው ይምጡ» ብለው ነበር። ከመካከሉ ስኳር የሚያወርደውን ክኒን፣ ግሊቤንክላሚዱን፣ አነሡና «ዳቦና ስኳር አቁመው ይህንን ከቀጠሉ ስኳርዎ ከልክ በታች ወርዶ ይጥልዎታል» አሉኝ፤ የዚያኑ ዕለት አስቆሙኝ። ሌላውን የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ግን እንድቀጥል ተዉልኝ። የኩላሊት፣ ሪህ የሚያመጣው የዩሪክ አሲድና የኮሌስትሮል ምርመራ ውጤት ሳይደርስ ግን አንድ ቀን እንኳ አላስጀመሩኝም። ይህን ያህል ዓመት ስታከም መድኃኒት ሲጨመርልኝ እንጂ ሲቀነስልኝ አይቼ አላውቅም። ለዚህ ብቻ እንኳ አመሰግናቸዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ራሴን ፈለጠኝ፤ ሌሊት ባቴን እየጨመደደኝ ተነሣሁ። ስደውልላቸው ምክንያቱን አስረዱኝ፦ ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨውና ውኃ አብዝቶ ያስወጣል። ጨው ያለበት መረቅ ጠጣሁ፤ በማግስቱ ቀለለኝ። ግፊቴም እየወረደ ስለመጣ በሦስተኛው ሳምንት የግፊት ክኒኔን በግማሽ ቀነሱት። በአሥር ቀን 4 ኪሎ ቀንሼ ስፈነጥዝ «ገና አይደሰቱ፣ አብዛኛው ውኃ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀስ አለ።

አንድ ስሕተት ሠራሁ። ቅባት ፈርቼ ጮማውን ሁሉ እየቆረጥኩ የዶሮ ደረትና ቀይ ሥጋ ብቻ በላሁ። በሳምንቱ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ ያዘኝ፤ የቱንም ያህል ብበላ አልጠግብም። ያን ጊዜ የስቴፋንሰንን ታሪክ ነገሩኝ። ይህ የዋልታ አሳሽ በ1928 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ በሚገኘው ቤልቪው ሆስፒታል በሐኪሞች ክትትል ሥጋ ብቻ መብላት ሲጀምር፣ መጀመሪያ ጮማ የሌለው ሥጋ ሰጥተውት ታመመ፤ ቅባት ሲጨመርለት ዳነ። እኔም ቅባቱን መለስኩ፤ ሆዴ ረጋ፣ ረኃቡም ተወኝ።

የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር ቶሎ እንዲለኩልኝ ብለምናቸው እምቢ አሉ፤ ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ቶሎ ቢለካ ያለፈውን ነው የሚያሳየው። ስጀምር 8.9 ነበር፤ በስድስተኛው ወር 6.4 ሆነ። በጠቅላላ 11 ኪሎ ቀነስኩ። አሁን ደረጃውን እወጣለሁ። እሳቸው ጉልበቴን ያሻለው ሥጋው እብጠቱን ስላጠፋው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የወረደልኝ ሸክም ይመስለኛል።

ቅሬታዬ በኮሌስትሮሉ ላይ ነው። ኤልዲኤሌ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ከ121 ወደ 198 ወጣ። «ትራይግሊሰራይድዎ (ሌላው የደም ቅባት) ወርዷል፣ አይጨነቁ» ብለው ሊያልፉት ፈለጉ። አባቴ በልብ ሕመም የሞተብኝ፣ ስኳርም ያለብኝ ሰው እንዴት አልጨነቅም? ማስረጃ ስጠይቃቸው በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ሥጋ ብቻ የሚበሉ 2,029 ሰዎች የተጠየቁበትን ጥናት አሳዩኝ። አነበብኩት። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ነው እንጂ ከሌላ አመጋገብ ጋር የተነጻጸረ ነገር የለበትም፤ ኤልዲኤላቸውም ከፍ ያለ መሆኑ እዚያው ተጽፏል። በሌላው ሁሉ እንዲያ ጠንቃቃ የሆኑ ሐኪም እዚህ ላይ መላላታቸው በጣም አሳዘነኝ።

ራሴ የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ኮሌስትሮል የሚያወርድ ስታቲን የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ ቅቤውን ቀንሼ ዓሣ፣ የወይራ ዘይትና ቅጠላ ቅጠል እንድጨምር ተመከርኩ። ይህን ስነግራቸው ዶክተሯ ጥቂት ዝም ብለው «እሺ፣ አብረን እናየዋለን» አሉና መዝገባቸው ላይ ጻፉት። አልተቆጡም።

ሆድ ድርቀቱም፣ ከቤተሰብ ተለይቶ መብላቱም ነበር፤ ይቻላል። ቋሊማና የታሸገ ሥጋ ግን ከመጀመሪያው ከልክለውኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታልና ልክ ነበሩ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ፣ እባካችሁ ይህን ብቻችሁን ቤት ውስጥ አትጀምሩት። ኩላሊታችሁ የታመመ ወይም ሪህ ያለባችሁም እንደዚያው። እኔ ክትትሉን ለሌላ ስድስት ወር አራዝሜዋለሁ፤ ኮሌስትሮሌ በየሦስት ወሩ እንዲለካ አስጽፌ ነው የፈረምኩት።