ሹር ኤስኤም58 ከስካርሌት ሶሎ ጋር፦ ስቱዲዮ ለሌለው ድምፃዊ

ቤቱ ውስጥ ዘፈን ወይም መዝሙር ሊቀዳ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ኮንደንሰር ማይክ፣ ማለትም ጥቃቅኑን ድምፅ ሳይቀር የሚይዝ ዓይነት ማይክ ነው። መልኩ ስቱዲዮ ያስመስለዋል፤ ሻጩም «ሁሉን ነገር ይይዛል» ብሎ ያሞካሸዋል። ችግሩ የሚጀምረው ግን ሁሉን ከመያዙ ነው። የጎረቤት ውሻ፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ፣ ከሴራሚክ ወለልና ከባዶ ግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ አብሮ ይገባል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ በሚክሲንግ (ከቀረጻው በኋላ በሚደረገው ማስተካከያ) በቀላሉ አይወጣም። ምንም ያልተሠራለት ክፍል ላለው ሰው የምመክረው ሹር ኤስኤም58 ማይክን ከፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ አራተኛ ትውልድ ሳውንድ ካርድ (ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ጋር ነው። አሜሪካ ማይኩ 100 ዶላር ገደማ፣ ሳውንድ ካርዱ 150 ዶላር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀረጥና የምንዛሪው ለውጥ ስለሚጨመርበት የብር ዋጋውን ዛሬ ጽፎ ነገ ማመን አይቻልም።

ኤስኤም58 ከ1966 ጀምሮ ሲመረት የኖረ የመድረክ ማይክ ነው። ዓይነቱ ከኮንደንሰር የተለየ ዳይናሚክ የሚባለው ነው። ዳይናሚክ መሆኑ ብቻውን የክፍሉን ድምፅ አያጠፋም፤ ይህ በሰፊው የሚነገር ስሕተት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ለቅርብ አፍ የተሠራ መሆኑ ነው። ማይክን ሲጠጉት ወፍራሙ ድምፅ ስለሚበዛ፣ ያን ለማካካስ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል፤ በመረቡ ውስጥ ያለው ስፖንጅም ትንፋሽን ያግዳል። ስለዚህ ከ20 ሴንቲ ሜትር ወደ 5 ሴንቲ ሜትር መጠጋት ይቻላል፤ በዚያ ርቀት ድምፃችሁ ከክፍሉ ድምፅ በላይ 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ያተርፋል። ብዙ ኮንደንሰሮችን ያን ያህል ብትጠጓቸው ትንፋሹና የምራቁ ድምፅ ቀረጻውን ያበላሸዋል።

ጉድለቱንም ልናገር። ኤስኤም58 የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምልክት ደካማ ነው፤ በአንድ ፓስካል ግፊት 1.85 ሚሊቮልት። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ኮንደንሰር 14.1 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ልዩነታቸው ከ17 ዴሲቤል ይበልጣል። ርካሽ ሳውንድ ካርድ ላይ ጌይኑን (ምልክቱ የሚጎላበትን መጠን) እስከ ጫፍ ሲያዞሩ የሚሰማው «ሽሽሽ» የሚመጣው ከዚህ ነው። ሶሎን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው፦ 57 ዴሲቤል ጌይን አለው፤ ለሚዘፍን ሰው ይበቃል፣ ይተርፋልም። በሹክሹክታ ለሚያነብ ሰው ግን ጠርዝ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፌትሄድ የሚባለውን ትንሽ ማጉያ ማይኩና ገመዱ መሐል ቢሰካ 27 ዴሲቤል ያገኛል፤ ለማጉያው ሳውንድ ካርዱ ላይ ያለው የ48 ቮልት ቁልፍ መበራት አለበት። ዋጋው የማይኩን ያህል ስለሚጠጋ መጀመሪያ መጠጋትን ሞክሩ።

ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር መሰኪያ) ይሁን። ገበያ ላይ በአንድ ጫፉ ወፍራም ጃክ ያለው የካራኦኬ ገመድ ይበዛል፤ እሱ ሶሎ ላይ የሚገባው በጊታሩ መግቢያ ነው፤ ድምፁ ይሳሳል፣ ኸምም (ከመብራት የሚመጣ «እምም» የሚል ድምፅ) ይጨምራል። በሐሰት የተሠራ ኤስኤም58ም ብዙ ነው። እውነተኛው ያለ ገመድ 298 ግራም ይመዝናል፤ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ ብዙ ከቀለለ ተዉት። ዋጋው ከግማሽ በታች ከወረደ ለመመዘንም አትድከሙ።

ክፍሉን በተመለከተ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ የሌለበት ቤት የለም። የሚሳሳቱት የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ነው። ብዙዎች ድምፅ የሚመጥ ስፖንጅ ከማይኩ ጀርባ ያደርጋሉ፤ ማይኩ ግን በጀርባው እምብዛም አይሰማም። የሚሰማው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው፤ ያም እናንተና ከጀርባችሁ ያለው ግድግዳ ናችሁ። ስለዚህ የታጠፈ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ከድምፃዊው ጀርባ፣ ሌላ በጎን በኩል ይሰቀል። ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ሲል ይበልጥ ይሠራል፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ የሚይዘው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ ጥግ ላይ አቁሙ። የእንቁላል ካርቶን ለፍሬ ነገሩ ምንም አያደርግም። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ አፓርታማ ያላችሁ ደግሞ በልብስ የተሞላው ክሎዜት ጥሩ ነው፤ በሩን ግን ክፍት ተዉት፣ አለዚያ ድምፁ ሣጥን ውስጥ የተዘጋ ይመስላል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሚወርድ የክረምት ዝናብ ብልሃት የለውም፤ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

ማይኩን በስታንድ አቁሙ፤ በእጅ ሲያዝ የጣት እንቅስቃሴ ይገባል። ጀርባውን ወደ ጩኸቱ፣ ማለትም ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ላፕቶፑ አዙሩት። ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አጋድሉት። በአማርኛ መዝፈን ላይ ማይክ የሚያስጮኸው ጠ ወይም ቀ አይደለም፤ እነዚህ ጉሮሮ ተዘግቶ ስለሚወጡ አየራቸው ጥቂት ነው። ነፋሱ ያለው ፍ እና ፕ ላይ ነው፤ ማጋደሉ ለእነሱ ነው።

ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅዱ። ኸም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ መብራት ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም። ቀረጻውን 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ አድርጉት። ጌይኑን ስታስተካክሉ አዝማቹን፣ ያውም ከፍተኛውን ቦታ፣ በሙሉ ጉልበት ዘፍኑ፤ ጫፉ በሶፍትዌሩ የድምፅ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ላይ ይቁም። ጌይኑን ራሱ የሚያስተካክለው አውቶ ጌይን የሶሎ ታላቅ በሆነው በስካርሌት 2አይ2 ላይ እንጂ በሶሎ ላይ የለም። ድምፃችሁ ዘግይቶ ከተሰማችሁ ዳይሬክት ሞኒተርን (ድምፃችሁን ከሳውንድ ካርዱ በቀጥታ የሚያሰማችሁን ቁልፍ) አብሩና በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ሞኒተር አጥፉ፤ ሁለቱም ከበሩ ድምፁ ይደረባል። ሄድፎኑ ጆሮ የሚሸፍንና የተዘጋ ይሁን፤ ክፍት ከሆነ የሙዚቃው ምት ወደ ማይኩ ይፈስሳል።

ለመቅጃ ሪፐር የሚባለው ሶፍትዌር ይበቃል፤ 60 ቀን ሙከራ አለው፣ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ሚክስ ሲደረግ መጀመሪያ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ጠጋ ብሎ የተቀዳ ድምፅ 250 ኸርዝ አካባቢ ስለሚወፍር 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ኤስኤም58 ከ10 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይደበዝዛል፤ ዋናው ድክመቱ ይህ ነው፤ እዚያ ላይ 3 ዴሲቤል ገደማ ጨምሩ፣ ወይም ሲቀዳ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን የሶሎን ኤር ቁልፍ አብሩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን አይደለም፣ ስ እና ሽ ጆሮ ይወጋሉ። ኮምፕረሰሩን (ጉልህ ድምፅን ዝቅ የሚያደርገውን) 3 ለ 1፣ ጉልህ ቦታ ላይ ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል እንዲቀንስ አድርጉ። የእኛ ዘፈን ላይ ድምፅ በአንድ እስትንፋስ ከዝቅታ ወደ ከፍታ ስለሚሄድ ከዚህ በላይ ከተጫነ የዜማው ቅላጼ ይሞታል። ሪቨርቡን (ሰፊ ክፍል ውስጥ የተዘፈነ የሚያስመስለውን) መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ኤኮ በብዛት ማፍሰስ የክፍሉን ጉድለት ጎልቶ እንዲሰማ ያደርገዋል።

ክራርና መሲንቆም ለሚቀዳ ሰው ምርጫዬ ይለወጣል። የመሲንቆው የጭራ መፋተግ በኤስኤም58 ይደፈናል፤ እዚያ ላይ ክፍሉን በጋቢ አስተካክሎ ኤቲ2020ን ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ማቆም ይሻላል። ለማይክም ለሳውንድ ካርድም ገንዘቡ ካልደረሰ ደግሞ ሳምሰን ኪው2ዩ አለ። ዳይናሚክ ነው፤ በዩኤስቢ በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል፣ የሄድፎን መሰኪያ አለው፣ ኤክስኤልአርም ስላለው ሳውንድ ካርድ ሲገዛ ማይኩ አይጣልም። በዩኤስቢ ሲሠራ 16 ቢት ብቻ ስለሆነ ጌይኑን በጥንቃቄ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ በጣም ዝቅ ብሎ የተቀዳ ድምፅ በኋላ ሲጎላ «ሽሽሽ» የሚለውም ድምፅ አብሮ ይጎላል።