እናት ከአገር ቤት ከመጣችላችሁ ሳን ፍራንሲስኮን በጀልባ አሳዩአት

ኦክላንድና አካባቢው ያላችሁ፣ እናት ወይ አባት የመጣላችሁ ሰዎች፣ ሳን ፍራንሲስኮን በመኪና አታሳዩአቸው። የመኪና ማቆሚያው ክፍያ ብቻውን ያማርራል። በጀልባ ውሰዷቸው።

እማዬ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ባለፈው ረቡዕ ፀሐዩ ደምቆ ሳይ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩና ከኦክላንዱ የጀልባ መሳፈሪያ፣ ከጃክ ለንደን ስኩዌር፣ ተሳፈርን። በክሊፐር ካርድ (በአካባቢው ለአውቶቡስ፣ ለባቡርና ለጀልባ የሚከፈልበት ካርድ) ለአንድ ሰው 5 ዶላር አካባቢ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለዚህ ዋጋ የኦክላንድ ወደብን ግዙፍ ነጫጭ ክሬኖች አጠገባቸው ሆናችሁ ታያላችሁ፣ ቀጥሎ ኦክላንድን ከሳን ፍራንሲስኮ በሚያገናኘው ድልድይ፣ በቤይ ብሪጅ፣ ሥር ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ከተማው ፊት ለፊታችሁ ድቅን ይላል። ድልድዩ ሥር ስንደርስ መኪኖቹ ከላይ ሲያጓሩ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሽቅብ እያየች "በስመ አብ!" አለች። ጣና ላይ በጀልባ ሄዳለች። ባሕር ግን አይታ አታውቅም ነበር።

የሚያወርዳችሁ የጀልባ ጣቢያው ሕንፃ፣ ፌሪ ቢልዲንግ፣ ነው። ባለ ሰዓት ማማው እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ የቆመ ነው፣ የ1906ንም የ1989ንም የመሬት መንቀጥቀጥ ችሏል። ዛሬ በሰፊው የምትንሸራሸሩበት ባሕር ዳርቻ ድሮ በላዩ ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና ነበረበት። የ1989ኙ መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በ1991 ማፍረስ ጀመሩ፣ ባሕሩም ለእግረኛ ተከፈተ። ፌሪ ቢልዲንግ ውስጥ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አለ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ስትሄዱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ኤፍ የሚባለውን አሮጌ ትራም ያዙ። ዋጋው የተራ አውቶቡስ ነው። ለኛ የደረሰን ከሚላን የመጣው፣ በ1920ዎቹ የተሠራው ነበር፤ መቀመጫው እንጨት፣ ውስጡ የተጻፈው ሳይቀር ጣሊያንኛ።

ከትራሙ ፒር 39 የሚባለው ቱሪስት የሚበዛበት የባሕር ዳር ገበያ ጋ ውረዱ። ሱቁ ይቅርባችሁ፣ ውድና ተመሳሳይ ዕቃ ነው። በቀጥታ ወደ ባሕር አንበሶቹ ሂዱ። በ1990 መጀመሪያ ላይ በብዛት መጥተው የጀልባ ማቆሚያውን ያዙት፣ ሰዎቹም ለቀቁላቸው። አንዱ ግዙፍ ወንድ ሌላውን በደረቱ ገፍቶ ውኃ ውስጥ ሲጥለው እማዬ "ተው እንጂ!" ብላ ጮኸችበት። አርባ ደቂቃ ያህል ከዚያ አልተነሳችም። ሽታው ይከብዳል፣ ተዘጋጁ። በሰኔና በሐምሌ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ደቡብ ስለሚሄዱ ያኔ ጥቂት ብቻ ነው የምታገኙት።

አሁን ወደ ዳቦው። ቡዲን (Boudin) ዳቦ ቤት ከ1849 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጋጋሪዎቹን በትልቁ መስኮት ቆማችሁ ታያላችሁ። ቱሪስቱ ሁሉ የሚበላው ውስጡ በተቦረቦረ ዳቦ የሚቀርበውን ወተት ያለበት የክላም (ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ሾርባ ነው። እኛ ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነን፣ ደረቁን ዳቦ ገዛን። እማዬ ቆረሰችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ዝም አለች፣ ደግማ አሸተተችው። "ይሄ እኮ እርሾ ነው ልጄ! የአብሲት ሽታ አለው።" እውነቷን ነው። ያለ ፋብሪካ እርሾ፣ ከሊጥ ላይ እየተቀነሰ ለቀጣዩ በሚቀመጥ እርሾ ነው የሚቦካው፣ ልክ እንደኛ። ከቅርፊቱ ጀምራ ግማሹን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ድሮ እስር ቤት የነበረችውን ደሴት፣ አልካትራዝን፣ እያየች ጨረሰችው።

ያናደደኝ አንድ ነገር ነው። ስትመለስ እግሯን ስለደከማት ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ተሳፈርን። ሰውየው ዋጋው በደቂቃ ነው አለን፣ ተስማማን። ስንወርድ ግን በደቂቃ ለእያንዳንዱ ሰው ነው ብሎ እጥፍ አስከፈለን። ከመሳፈራችሁ በፊት አጠቃላዩን ሒሳብ አስነግሩ። ያ ገንዘብ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በኦክላንዱ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ለሁለት ሰው ጥሩ በያይነቱ ያበላ ነበር።

ጊዜውን ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ እዚያም እንደኛው ክረምት ነው በሉት፣ ጉሙ ባሕሩን ይሸፍነዋል። ጥሩው ፀሐይ መስከረምና ጥቅምት ነው። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበርድ ጋቢ ወይ ወፍራም ሹራብ ያዙ፤ እማዬ በነጠላ ብቻ ሆና ስንመለስ ጀልባው ላይ ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳት።

የተረፈውን ዳቦ በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ገባች። ማታ ስልክ ደውላ ለእህቴ መጀመሪያ ያወራችላት ስለ ዳቦው ነው፣ ቀጥሎ ስለ ባሕር አንበሶቹ።