ያገለገለ ሪቮልቨር ለስብስብ፦ የድሮ ኮልት ፓይተን ወይስ ስሚዝ 27?

ጓደኞቼ ተራ በተራ እየደወሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁኝ፣ "ፓይተን አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?" እያንዳንዱን ለብቻ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አንድ ሪቮልቨር (ጥይት የሚሞላበት ሲሊንደሩ የሚዞር ሽጉጥ) ብቻ የምትገዙ ከሆነና ብሩ በላባችሁ የመጣ ከሆነ የድሮውን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 27 ግዙ። ፓይተን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንዲያውም በውበት የሚስተካከለው አላየሁም፣ ችግሩ ዋጋው ነው፣ ከዋጋው ደግሞ ጥገናው ይብሳል።

ዋጋውን እንየው። ፓይተን በ1955 ሲወጣ 125 ዶላር ነበር፣ ያኔም ውድ ነው ይባል ነበር። በ2005 ማምረቱ ሲቆም ገበያው አበደ፣ ጥግ ላይ ተረስቶ የኖረ ሁሉ ወርቅ ሆነ። ኮልት በ2020 ፓይተንን እንደገና ሲያወጣ 1,499 ዶላር ብሎ ጀመረ፣ በደህና ሁኔታ ያለ የድሮው ግን እስካሁን ከአዲሱ በላይ ነው የሚጠየቅበት። ስለዚህ የድሮ ፓይተን በአዲሱ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ከቀረበላችሁ ደስ አይበላችሁ፣ መጀመሪያ "ምኑ ነው የተነካው?" በሉ።

የሚወደደው ለምን እንደሆነ በእጁ የያዘ ሰው ይገባዋል። ሮያል ብሉ የሚባለው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብረቱ እንደ መስታወት እስኪያበራ በእጅ ይፈገፈግ ነበር፣ የውስጥ ዕቃውም እየተሞረደ አንዱ ከአንዱ ጋር በእጅ የተገጠመ ነው። ምላጩን ስትስቡት ያለው ልስላሴ ሌላ ነው። ግን ያው በእጅ የተገጠመ ነገር ሲበላሽ በእጅ ነው የሚስተካከለው፣ እጁ ያለው ሰው ደግሞ እየጠፋ ነው። የአዲሱ የ2020 የውስጥ ዕቃ ዲዛይኑ ስለተቀየረ ለድሮው አይገጥምም፣ መለዋወጫ ከተፈታ ሌላ ፓይተን ነው የሚገኘው፣ ተገኝቶም እንዲሁ ገጭ ተደርጎ አይገባም፣ መሞረድ አለበት። አንድ የማውቀው ሰው ታይሚንጉ የወጣ ፓይተን "ትንሽ ነገር ናት፣ ትስተካከላለች" ተብሎ ገዝቶ ለሚችል ጠጋኝ ወረፋ ሲጠብቅ ከረመ፣ በመጨረሻ የከፈለው ሲደመር ንጹሕ ፓይተን ይገዛለት ነበር።

ታይሚንግ ምንድነው ለምትሉ፣ መምቻው ወደ ኋላ ሲሳብ ሲሊንደሩ ዞሮ ጥይቱ ከአፈሙዙ ትክክል የሚቆምበት ሰዓት ማለት ነው። አፈታተሹ ቀላል ነው። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ራሳችሁ አይታችሁ አረጋግጡ፣ ሻጩ ባዶ ነው ስላለ አይደለም። ከዚያ ሲሊንደሩን በጣት ለስለስ አድርጋችሁ ያዝ እያደረጋችሁ መምቻውን በጣም በቀስታ ሳቡ፣ ሲሊንደሩን የምታቆመው ብረት ቀጭ ብላ ቀዳዳዋ ውስጥ መግባት ያለባት መምቻው ወደ ኋላ ሄዶ ከመቆለፉ በፊት ነው። መምቻው ተቆልፎ ሲሊንደሩ ገና ትንሽ የሚቀረው ከሆነ ወጥቷል ማለት ነው። ስድስቱንም ቀዳዳ ሞክሩ፣ አንዱ ብቻ የሚበላሽበት ብዙ ነው። ቀጥሎ መምቻውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱና ምላጩን እስከ መጨረሻ እንደሳባችሁ ሲሊንደሩን ለማወዛወዝ ሞክሩ። የድሮ ኮልት ድንጋይ ነው መሆን ያለበት፣ ንቅንቅ አይልም። ስሚዝ ግን ትንሽ ይወዛወዛል፣ ጤነኛ ነው፣ ከኮልት የመጣ ሰው ይሄን አይቶ "ይሄማ አልቆለታል" ብሎ ጥሩ ስሚዝ ትቶ ይሄዳል። ሲሊንደሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላም ግፉት፣ ጨዋታ ካለው ስሚዝ ላይ በቀጭን ዋሸር በርካሽ ይስተካከላል፣ ኮልት ላይ ግን እንደገና የእጅ ሥራ ነው። ፊልም ላይ እንደሚያደርጉት ሲሊንደሩን በአንድ እጅ ወርውሮ ኳ አድርጎ የሚዘጋ ሻጭ ካያችሁ ሌላ ምንም ሳትፈትሹ ውጡ፣ ሲሊንደሩን የሚሸከመው የብረት ክንድ የሚጣመመው በዚያ ነው።

ወደ 27 ልምጣ። ይሄ መሳሪያ 357 ማግነም ለሚባለው ጥይት የተሠራ የመጀመሪያው ሪቮልቨር ነው፣ በ1935 ሬጂስተርድ ማግነም ተብሎ በ60 ዶላር፣ በትዕዛዝ፣ ከነሰርተፊኬቱ ነበር የሚሸጠው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ አሜሪካዊ ጄኔራል ፓተን በዝሆን ጥርስ እጀታ ይዞት የሚታየው አንዱ እሱ ነው። የዚያን ዘመኑን አሁን አትመኙት፣ ዋጋው ከብዙ ፓይተን በላይ ነው። እኔ የምለው 27 የሚል ቁጥር በ1957 ከተሰጠው በኋላ ያለውን ነው፣ በተለይ 27-2 የሚለውን፣ ሲሊንደሩን ስትከፍቱ ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተመትቷል። አናቱ ላይ ከኋላ እስከ ፊት የተቀረጸውን ጥቃቅን የመረብ ቅርጽ በጥፍራችሁ ብታሹት የት ላይ ገንዘብ እንደፈሰሰ ይገባችኋል። ክብደቱ ብዙ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ለስብስብ ነው እንጂ ታጥቃችሁት ልትዞሩ አይደለም። ሻጮች "ፒንድ ነው" እያሉ ዋጋ ይጨምራሉ፣ አፈሙዙን ከፍሬሙ (ከመሳሪያው ዋና አካል) ጋር የምትይዝ ትንሽ ፒን ናት፣ በ80ዎቹ መጀመሪያ ቀርታለች፣ አተኳኮሱ ላይ ምንም ለውጥ የላትም፣ ስትሸጡት ግን ገዢው ስለሚጠይቅባችሁ እናንተም ጠይቁ። በግራ በኩል የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ደግሞ ከ2000 ወዲህ የተሠራ ነው፣ በድሮ ዋጋ እንዳትከፍሉ።

አሁን ዋናው ብር የሚበላው ጉዳይ፣ እንደገና የተቀባ መሳሪያ። ብዙ ሰው የሚያበራ ሲያይ "አዲስ ነው፣ ያልተነካ ነው" ይላል፣ እኔ በጣም የሚያበራ ሳይ ነው የምጠራጠረው። ጫፎቹን እዩ፣ ስለት የነበረው ጠርዝ ተልጎ ከደበዘዘ፣ የኮልት የፈረስ ምልክትና ጽሑፉ እግሩ የተበላ ከመሰለ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ አፋቸው እንደ ሳህን ጎድጎድ ካለ ፖሊሽ ማሽን ላይ ወጥቷል። ኒኬል የተነከረ ስሚዝ ከሆነ መምቻውንና ምላጩን እዩ፣ እነሱም ኒኬል ከተነከሩ ፋብሪካው አይደለም የሠራው። አንዴ የተቀባ መሳሪያ ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል፣ መልሶ ኦሪጅናል ማድረግ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ የተፋቀና ትንሽ ያረጀ ኦሪጅናል ቀለም ከሚያበራው ይሻላል፣ ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ።

መሳሪያው ከፋብሪካ የመጣበት ካርቶንስ? ኧረ ተዉኝ። አስመስለው የሠሩት የፓይተን ካርቶን በግላጭ ይሸጣል፣ የወርቅማ ሜዳልያ ያለው የእንጨት እጀታም እንዲሁ፣ ሻጩ ግን ለካርቶን ብቻ የሚጨምረው ዋጋ ያስደነግጣል። ካርቶኑ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ከመሳሪያው ካልገጠመ ወረቀት ነው፣ ዋጋ አትስጡት። አጭር አፈሙዝ ያለው ፓይተን ላይ ደግሞ የባሰ ተጠንቀቁ፣ ባለ 3 ኢንቹ ብርቅ ስለሆነ ረጅሙን ቆርጦ ወይ አፈሙዝ ቀይሮ ብርቅ የሚያደርግ ሰው አለ። ኮልትም ስሚዝም በሴሪያል ቁጥሩ ከመዝገብ አውጥተው መሳሪያው በምን ቀለም፣ በስንት ኢንች አፈሙዝ፣ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚገልጽ ደብዳቤ በክፍያ ይሰጣሉ። ብርቅ ነው እየተባለ ዋጋ የሚቆለልበት ከሆነ ደብዳቤው ሳይመጣ ብር አይቆጠርም፣ ሻጩ ከተቆጣ ይቆጣ። ፈቃዱና የባለቤትነት ወረቀቱ ያልተሟላ ወይ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነማ በነፃ ቢሰጧችሁም እጃችሁን አታስገቡ።

"አይ፣ እኔ ፓይተን ካልሆነ" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። እንግዲያው ባለ 6 ኢንች ሰማያዊውን ፈልጉ፣ ብዙ ስለተመረተ ከአጫጭሮቹ ይረክሳል፣ ቀለሙ ጠርዙ ላይ ትንሽ የሄደ ግን ያልተነካ፣ ታይሚንጉ ስድስቱም ላይ የሚሠራ። መተኮስ ከፈለጋችሁ ደግሞ የ2020ውን ግዙና የድሮውን አሳርፉት።

27ቱም ከኪሳችሁ በላይ ከሆነ 28 አለላችሁ፣ ሃይዌይ ፓትሮልማን የሚባለው፣ ከ1954 እስከ 1986 የተሠራ። ያው ፍሬም ነው፣ ያው የውስጥ ዕቃ፣ ፖሊሽና ቅርጻ ቅርጹን ቀንሰው ለፖሊስ በርካሽ ያቀረቡት ነው። ሰብሳቢዎች ስለማያበራ ዞር ብለው አያዩትም ነበር፣ አሁን ግን ማየት እየጀመሩ ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ትንሽ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ንጹሕ ካገኛችሁ አትከራከሩበት።